ለአንድ ግቢ ሁለት በር

ነቂብ ሓዚም ሁለተኛዋን ቴምር ወደ አፉ ሲያነሣ ስልኩ ጮኸ። አዛን ካለ ሰዓት አልፎታል፤ ሥራ አስመሽቶት ግን ቀኑን ሙሉ ውሃ ያላየ ጉሮሮው ገና በቅጡ አልረጠበም ነበር።

«ጀናቡ፣ ዴም ሰፈር ውስጥ አንዲት ሐበሻ ሞታ ተገኝታለች። አንተ ብትመጣ ይሻላል» አለው ተረኛው ፖሊስ።

ሓዚም ቴምሯን ኪሱ ከቶ ተነሣ። ነቂብ ማለት በእኛ ሻምበል መሆኑ ነው፤ ካርቱም ላይ ግን መኮንን የተባለ ሁሉ «ጀናቡ» ነው። ሐበሻ በሞተ ወይም በተጣላ ቁጥር እሱ የሚጠራው እናቱ ኢትዮጵያዊት ስለሆነች ነው። ባልደረቦቹ አማርኛ አብጠርጥሮ የሚያውቅ ይመስላቸዋል። እውነቱን እንናገር ከተባለ የሓዚም አማርኛ የጓዳ አማርኛ ነው፦ ብላ፣ ተነሥ፣ አመሸህ፣ ምነው ከሳህ። ከዚያ ካለፈ ግማሹን ይሰማል፣ ግማሹን ይገምታል። ይህን ግን ለማንም ተናግሮ አያውቅም፤ በነጻ የመጣ ዝና ማን ይጠላል?

በዚያ ዓመት ረመዳንና ሑዳዴ ተገጣጥመው ነበር። ዕለቱ ዓርብ ስቅለት ነው፤ እሑድ ፋሲካ፣ ከፋሲካ ሳምንት ቆይቶ ዒድ።

ሟቿ ወይዘሮ ሰርካለም ትባላለች። የከባድ መኪና ሹፌሩ የዐወደላ ሚስት ነበረች፤ ባሏ ከሞተ ቆይቷል። ሰፊውን ግቢ ምግብ እየሸጠች የገዛችው ራሷ ናት፣ የተመዘገበውም በሷ ስም ነው። ሓዚም ሲደርስ ከጓሮው አጥር ሥር፣ ነጠላዋን እንደለበሰች በጎኗ ወድቃ አገኛት። ራሷን የመታት እዚያው የተደረደረው የጡብ ክምር ጠርዝ ነው። ከአጠገቡ አጥሩ ሰው በሚያሳልፍ ስፋት ፈርሷል። ከውሃው ጋን እግር የታሰረች የፋሲካ ዶሮ ግርግሩን አይታ ትንጫጫለች።

«ነገሩ ግልጽ ነው ጀናቡ፤ ሌባ አጥር ሰብሮ ገብቷል» አለ ሳጅኑ።

ሓዚም ጎንበስ ብሎ አንድ ጡብ አነሣ። ሲሚንቶው ተፍቆለት ጸድቷል። ሌሎቹም እንደዚያው ጸድተው በረድፍ ተቀምጠዋል። የሟች የወርቅ ጉትቻ ከጆሮዋ አልወለቀም፤ ስልኳም ኪሷ ውስጥ ነው።

«ምን ዓይነት ጨዋ ሌባ ነው? ጡብ አጽድቶ፣ ደርድሮ፣ ምንም ሳይወስድ የሚሄድ» አለ።

ሳጅኑ ራሱን አከከ። ሓዚም ወደ በረንዳው ዞረና ሌላ ነገር አየ። በገመድ ከተጠለፈው አልጋ፣ ከአንግሬቡ አጠገብ፣ ትንሽ ጠረጴዛ ላይ አንድ ሰሐን ቴምር አለ። በሰሐኑ ጠርዝ አንዲት የተመጠጠች ፍሬ፣ ከጎኑ ደግሞ የተጋመሰ ብርጭቆ ውሃ። ሳያውቀው እጁን ወደ ኪሱ ሰደደ፤ የራሱ ቴምር እዚያው ነበረች።

*

ሬሳውን ያገኘችው ልጇ ሱረያ ናት። ሶባ ትኖራለች፤ አስተማሪ ናት። ጎረቤቶች እንደመሰከሩት በሩን አልፋ ገና ሳትቆይ ነው ጩኸቷ የተሰማው። ከሓዚም ጋር በዐረብኛ ነበር የሚያወሩት፤ ሆዷ ሲብስ ብቻ አማርኛ ጣል ታደርጋለች።

«በሩ እንዴት ነበር?» አላት።

«ገርበብ ብሎ። እማ በር ከፍታ አታውቅም።»

«የት አፈጠርሽ?»

«መንገድ ላይ፣ ሃፍላው ውስጥ። የሰፈር ወጣቶች አውቶቡሱን አስቁመው በመስኮት ቴምርና ውሃ ሰጡን።»

«እዚህስ ምንም አልቀመስሽም?»

«ወላሂ ምንም።»

እንግዲያው ሟቿ ራሷ ትሆናለች የቀመሰችው ብሎ አሰበና አለፈው። «የሚጠላት ሰው ነበር?»

«እማን? የዴም ሰው ሁሉ እማ ነው የሚላት።» ሱረያ ቦርሳዋን ከፈተች። ከዚያ ስልኳን አወጣች። «ብቻ ይሄን ስማ። ኀሙስ ዕለት ለእኔና ለወንድሜ ለኦመር የላከችው ድምፅ ነው። ለፋሲካ ቤቱን ምን እንደምታደርገው ልትነግረን ቀጥራን ነበር።»

የሟች ድምፅ ከስልኩ ወጣ፤ ሞቅ ያለ፣ የሚጣደፍ አማርኛ። ሓዚም ጆሮውን አቁሞ አዳመጠ። የሰማውም ይህንን ነው፦ «ልጆቼ፣ የቤቱን ነገር አታስቡ። ወራሹ ምስጋናው ይዞታል። ለፋሲካ ትመጣላችሁ፣ በዐይናችሁ ታያላችሁ።»

«ምስጋናው ማን ነው?»

«ከወንዙ ማዶ ባሕሪ ሰፈር የሚሠራ ስደተኛ ልጅ። ከሀገሯ ሰፈር ነው የመጣው። እሑድ እሑድ እዚህ ይበላል። ዛሬ ሊቢያ ይላል፣ ነገ አውሮፓ ይላል፤ ለካስ ወራሽ ሆኗል። እኔ ግድ የለኝም፣ ጤናዋን ብቻ ነበር የምፈልገው።»

«ኦመርስ ምን አለ?»

«ምንም። ኦመር ሲከፋው ዝም ነው የሚለው።»

ሓዚም የነገሩን ክብደት ከማንም በላይ ያውቀዋል። ሰርካለም ክርስቲያን ናት፤ ልጆቿ እንደ አባታቸው ሙስሊሞች። በሀገሩ ሕግ ሃይማኖታቸው የተለያየ እናትና ልጅ አይወራረሱም። እናት ለልጆቿ ማስቀረት ከፈለገች በቁሟ መስጠት አለባት፤ ስጦታውም የሚጸናው ተቀባዩ ተረክቦ በእጁ ሲያደርገው ነው። የገዛ እናቱ ምንዳዬም ክርስቲያን ናት። ጾሙ ከገባ ጀምሮ «ልጄ፣ የቤቱን ነገር እንነጋገር» ትለዋለች። እሱ ደግሞ «ዕድሜ ይስጥሽ፣ ምን አስቸኮለሽ?» ብሎ ጫማውን ፍለጋ ይነሣል።

*

በማግስቱ ቅዳሜ ባሕሪ ሄደ። ብረታ ብረት ቤቱ ውስጥ አንድ ቀጭን ወጣት የቅዳም ሥዑር ቄጠማውን ግንባሩ ላይ አስሮ ብሩሽ ያጥባል። ከኋላው ሁለት አረንጓዴ የብረት በሮች ግድግዳ ተደግፈው ቆመዋል፤ ቀለማቸው ገና አልደረቀም።

ሓዚም ባለችው አማርኛ ጠየቀው። «ወራሹ ምስጋናው፣ አንተ ነህ?»

«አዎ ጌታዬ፣ እኔ ነኝ» አለ ልጁ ቀና ብሎ።

ሳጅኑ አማርኛ ባይሰማም አዎንታውን ከፊቱ አነበበና ካቴናውን ነካ ነካ አደረገ። ሓዚም ግን ገረመው። ሰው የሌላውን ቤት ወሰድክ ሲባል ትንሽ እንኳ አያፍርም?

«ማን ነው እንደዚያ ያለህ?»

«እማማ ሰርካለም ናት ያወጣችልኝ። አሁን ሁሉም እንደዚያ ነው የሚጠራኝ» አለና ፈገግ አለ።

«ሰርካለም ሞታለች።»

ፈገግታው ፊቱ ላይ ደረቀ። ቁጢጥ አለና ቄጠማውን ከግንባሩ ፈትቶ በእጁ ጨበጠው። እንባው ቄጠማው ላይ ተንጠባጠበ። ሓዚም የሚያለቅስ ገዳይ አይቶ ያውቃል፤ ስለዚህ ልቡ እንዳይራራ ያዝ አደረገው።

«ዓርብ የት ነበርክ?»

«ስግደት ላይ። ከዚያ እዚህ መጥቼ የበሮቹን የመጀመሪያ ቀለም ቀባሁ።»

«ማን አየህ?»

«ማንም። ዓርብ ዝግ ነው፤ ቁልፉ እኔ ጋ ነው ያለው።»

«የጓሮውን አጥር ማን አፈረሰው?»

«እኔ ነኝ። ኀሙስ አፍርስ አለችኝ፣ አፈረስኩ። ጡቡም ይጠቅመናል ብላ አስጸዳችኝ። ሁለተኛ በር ልገጥምበት ነበር። አንዱ ካንዱ በጣት እንዳይበልጥ ብላ በክር ለክታ ነው የሰጠችኝ።»

«ለአንድ ግቢ ሁለት በር ምን ያደርጋል?»

«አልነገረችኝም። ለፋሲካ ሁሉም ያየዋል ብቻ ነው ያለችው።»

ወራሽነቱን አመነ፤ አጥሩን ማፍረሱን አመነ፤ የት እንደነበር የሚመሰክርለት ሰው የለም፤ ኢቃማ የሚባለው የመኖሪያ ወረቀትም የለውም። ሓዚም ይዞት ሄደ። መኪናው ውስጥ ልጁ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀ። «ቀብሯ መቼ ነው?»

«ዛሬ።»

«እንድቆምላት አትፈቅድልኝም?»

ሓዚም በመስኮት ወደ ውጭ ማየት ጀመረ። ዘመድና ወረቀት በሌለው ሰው ላይ መዝገብ ከተዘጋ መልሶ የሚከፍትለት እንደማይገኝ ያውቃል። የዚህ ልጅ አንገት እሱ እጅ ላይ ነው። 

*

ኦመር ካላክላ ነው የሚኖረው፤ ሃፍላ ይነዳል። እናቱን ቀብሮ ከቤቱ ደጅ በተተከለው ድንኳን ለቅሶ ተቀምጦ ነበር። ወፍራም፣ ዝምተኛ ሰው ነው። ሓዚም እጁን ለፋቲሓ ጸሎት ዘርግቶ ከጎኑ ተቀመጠ።

«ይቅርታ አድርግልኝ፣ መጠየቅ ስላለብኝ ነው። ዓርብ የት አፈጠርክ?»

«እዚሁ። ከጎረቤት ጋር፣ መንገድ ላይ።»

የካርቱምን ረመዳን የማያውቅ ካለ፣ ወንዱ ቤቱ ውስጥ አያፈጥርም። ምንጣፍ መንገድ ላይ ይነጠፋል፣ ከየቤቱ ትሪ ይወጣል፣ አላፊ አግዳሚው እጁን እየተጎተተ ይቀመጣል። ሓዚም ከድንኳኑ ወጥቶ ጎረቤቶቹን ጠየቀ።

ሓጅ ኢድሪስ የሚባሉት ሽማግሌ ጥያቄው ራሱ አስቆጣቸው። «ነበር ወይ ትለኛለህ? ትሪው እኮ መሃላችን ነበር! የሚስቱ የረሃፍ ገንፎ ከሁሉ ቀድሞ ነው ያለቀው።»

«እውነት ነው፣ የኦመር ትሪ ነበር» አሉ ሌሎቹም።

ሓዚም አመስግኖ ሄደ። ቂስሙ፣ ማለትም ጣቢያው ሲደርስ አለቃው ወረቀቱን አገላብጦ ተደሰተ። «ወራሽ ነኝ ብሏል፣ አጥር አፍርሻለሁ ብሏል። ኻላስ፣ አለቀ፣ ምን ትጠብቃለህ? ከዒድ በፊት ዝጋው።»

ሓዚም አልዘጋውም። ነገሩ አልጣመውም። ወራሽ የሆነ ሰው እሑድ በሰላም የሚረከበውን ቤት ዓርብ በደም ለምን ያበላሸዋል? ከዚያ ደግሞ ያቺ የቴምር ፍሬ አለች። ደጋግሞ ሊረሳት ሞከረ፣ አልሆነለትም።

*

እሑድ ኦምዱርማን እናቱ ዘንድ ሄዶ እንኳን አደረሰሽ አላት። ምንዳዬ ጾሟን ፈታ ዶሮዋን እየበላች ነው፤ እሱ ደግሞ ጾመኛ ነው። ፊት ለፊቷ ተቀመጠ።

«ዐይንህን ከድስቱ ላይ አንሣ፤ ጾምህን ታፈርሳለህ» አለች እየሳቀች። ከዚያ ፊቱን አየችና ሳቋ ቀዘቀዘ። «ምን ሆነሃል?»

«አንድ ድምፅ ላሰማሽ እማ።»

ከሱረያ የተቀበለውን ድምፅ ከፈተው። ምንዳዬ ገና የመጀመሪያውን ቃል ስትሰማ ጉርሻዋን መለሰች። «ነፍሷን ይማር። ሰርካለም ናት። ቤተ ክርስቲያን ነው የማውቃት።»

«ወራሹ ምስጋናው የምትለው ለምንድነው? ለልጆቿ ለምን አላወረሰችም?»

«ወራሹ? ማን አለ ወራሹ ብሎ?»

«እሷ ናታ! ስሚው።» ደግሞ ከፈተው።

«እንዴ! አንተ ልጅ፣ ጆሮህን ምን ነካው? ‹የወርሻው ምስጋናው› ነው እኮ የምትለው። ምስጋናው የሚባል ሞልቷል። አንዱ ቀዩ ምስጋናው ነው፣ አንዱ የካላክላው ምስጋናው ነው፤ ይሄ ደግሞ ወርሻ፣ እዚያ ብረታ ብረት ቤት ስለሚሠራ የወርሻው ምስጋናው ይባላል። እሷው ናት ያወጣችለት።»

ሓዚም ክው አለ። ‹ወራሹ ምስጋናው፣ አንተ ነህ?› ብሎ ነበር። ልጁ ደግሞ በሱ የተሰባበረ አማርኛ ውስጥ የራሱን ቅጽል ስም ሰምቶ አዎ አለ። የሞት ፍርድ ላይ የፈረመ መሆኑን ሳያውቅ ፈገግ ብሎ!

«ወርሻ እኮ ዐረብኛ ነው እማ! ቀኑን ሙሉ የምለውን ቃል እንዴት እስታለሁ?»

«አማርኛችን መሃል ሲገባ እንደ አማርኛ ነዋ የምንለው። አንተ ደግሞ ውርስ ውርስ እያልክ ነው ያዳመጥከው።»

ድምፁን ለሦስተኛ ጊዜ ከፈተው። አሁን ጥርት ብሎ ተሰማው። የቤቱን ነገር የወርሻው ምስጋናው ይዞታል፤ ሥራው እጁ ላይ ነው ማለቷ ነው። ሱረያ፣ ኦመር፣ እሱ ራሱ፣ ሦስቱም የካርቱም ልጆች፣ ሦስቱም አንድ ዓይነት ስሕተት ሰምተዋል።

«ሁለት በር አሠርታ ነበር። እኩል፣ በክር የተለካ» አላት ቀስ ብሎ።

«ለሁለቱ ልጆቿ ነዋ! ግቢውን ከፍላ፣ በየበራቸው አስገብታ፣ ቁልፉን በእጃቸው ልታስይዛቸው። ሌላ ምን ይሆናል?» ምንዳዬ እጇን ታጠበች። «እኔም እንዲህ ያለውን ነበር ልነግርህ የፈለግሁት፤ አንተ ግን ጫማህን ታነሣለህ።»

ሓዚም አፈረ። ወሬ ለማስቀየር ሌላ ነገር ጠየቀ። «ዓርብ ስትሞት ቴምር ቀምሳ ነበር። ጾሙ የሚፈታው ጀንበር ስትጠልቅ ነው?»

«ሰርካለም? ቴምር? በጭራሽ! እሷ እኮ አክፋይ ናት። ከስቅለት እስከ ፋሲካ ሌሊት እህል ውሃ በአፏ አይዞርም። ቴምሩን ያስቀመጠችው ለልጆቿ ነው። ረመዳን በገባ ቁጥር፣ መጡም አልመጡም፣ ማታ ማታ ታስቀምጥላቸዋለች። እኔ ለማን የማስቀምጥ ይመስልሃል?»

ሓዚም ወደ መስኮቱ አየ። እዚያም ሰሐን ነበር፣ በጨርቅ የተሸፈነ። ስንት ዓመት ሲያየው ኖሮ ልብ ብሎት አያውቅም። ዐይኑ እንባ አቀረረ፤ እናቱ እንዳታይበት ፊቱን አዞረ።

*

ጀንበር ልትጠልቅ ስትል ካላክላ ደረሰ። ምንጣፉ ተነጥፏል፤ ከየበሩ ትሪ ይወጣል። ሓጅ ኢድሪስ ገና ከሩቅ ሲያዩት «ያላ፣ ና ተቀመጥ!» ብለው እጁን ያዙት። እሱም እምቢ አላለም። ተቀምጦ የትሪዎቹን አወጣጥ ተመለከተ። አንዷ ሴት ከደጃፏ ሆና ለጎረቤቷ ባል አቀበለች፤ ሌላውን ማን እንዳመጣው እንኳ ሳያይ መሃል ተቀምጦ አገኘው። ባለቤቱን የጠየቀ የለም።

«ሓጅ፣ ዓርብ የኦመርን ትሪ ማን አወጣው?» አላቸው።

«እኔ ነኛ። ረሃፍ በሩ ላይ አቀበለችኝ፣ እኔ መሃል አኖርኩት።»

«ኦመርስ የት ተቀመጠ?»

ሽማግሌው በእጃቸው ሊያሳዩ ቃጡና ወደ ምንጣፉ አዩ። ወደ ግራ አዩ፣ ወደ ቀኝ አዩ። እጃቸው አየር ላይ ቀረ። «ትሪው… ነበር» አሉ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ።

አዛኑ ተሰማ። ኦመር የለቅሶ ሰው ቢሆንም እንግዳ ሲያይ ወግ አልቀረበትም፤ የቴምር ሰሐን ይዞ መጥቶ ከሓዚም ፊት በርከክ አለ። «ቢስሚላህ ጀናቡ፣ አፍጥር።»

ሓዚም አንድ ቴምር አነሣ። አልበላትም። ሌላ ሰው እንዳይሰማ ጎንበስ ብሎ «ዓርብ ዕለት የማንን ቴምር ነው የበላኸው ኦመር?» አለው።

የኦመር ፊት አመድ መሰለ። ሰሐኑን ምንጣፉ ላይ አስቀመጠና ተነሥቶ በዝግታ ወደ ቆመው ሃፍላ ሄደ። ሓዚም ተከተለው። ኦመር አልሮጠም፤ የሚሮጥበትም አልነበረውም። የመኪናው መወጣጫ ላይ ተቀመጠ።

«በረንዳው ላይ አስቀምጣልኝ ነበር» አለ። «ተናድጄ ነው የገባሁት። ከሥራ በቀጥታ። አዛን አለ፤ ‹መጀመሪያ ቅመስ፣ ከዚያ ትቆጣኛለህ› አለችኝ። ቀመስኩ።»

«ከዚያስ?»

«‹ቤቱን ምስጋናው ይዞታል ያልሽው እውነት ነው?› አልኳት። ‹አዎ፣ እሱ ይዞታል፣ እስከ እሑድ ቻል› ብላ ሳቀች። ሳቀች ጀናቡ! እጄን ይዛ ወደ ጓሮ ወሰደችኝ። የፈረሰውን አጥር እያሳየችኝ ትስቃለች። ያደግሁበትን ቤት ባዳ እያፈረሰው፣ እሷ ትስቃለች። እጄን አልለቅም አለችኝ፤ ገፋኋት። እንድትወድቅ አልነበረም፣ እጄን እንድትለቀኝ ነው።»

«ስትወድቅ አላነሣሃትም።»

«ፈራሁ።»

«ትተነፍስ ነበር?»

ኦመር ፊቱን ወደ መንገዱ አዞረ። መንገዱ ላይ ሰዉ እየበላ ይጫወታል፤ የሾርባ ሽታ እስከ መኪናው ይመጣል። ሓዚም ለአንድ አፍታ የድምፁን እውነተኛ ትርጉም ሳይነግረው ሊሄድ ፈለገ። ሳያውቀው ቢቀር ይቀለው ይሆናል። ግን ወርሻው ውስጥ የነበረው ልጅ ያለ ጥፋቱ ታስሯል፤ እናቲቱም ልጆቿን የካደች ተብላ መቅረት የለባትም።

«በድምፁ ምን ነበር ያለችህ?» አለው።

«‹ወራሹ ምስጋናው›።»

«እኔም እንደዚያ ነው የሰማሁት። እሷ ግን ‹የወርሻው ምስጋናው› ነው ያለችው።»

ኦመር ቃሉን አልያዘውም። «የምን?»

«የወርሻው። ወርሻ የሚሠራው ምስጋናው። ሁለት በር አዛው ነበር፤ አንዱ ያንተ፣ አንዱ የሱረያ። እኩል እንዲሆን በክር ለክታለች። የፈረሰው አጥር የአንደኛችሁ በር መግቢያ ነው። ዛሬ ቁልፉን ልታስይዛችሁ ነበር።»

«ወርሻ?» አለ ኦመር በዐረብኛ። ደገመው። «ወርሻ? ይሄ የኛ ቃል ወርሻ?» ከዚያ በሁለት እጁ ጆሮዎቹን ያዘና ድምፅ ሳያወጣ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይወዛወዝ ጀመር። ሓዚም ካቴናውን አላወጣም። በእጁ የያዛትን ቴምር ኪሱ ከቶ አጠገቡ ተቀመጠ፤ ኦመር ራሱ እስኪነሣ ድረስም ጠበቀው።

*

ሰኞ ምስጋናው ተፈታ። ስለ ኢቃማው ሓዚም ምንም አልጠየቀውም፤ ሳጅኑ ሊጠይቅ አፉን ሲከፍት በዐይኑ ገሠጸው። በመጀመሪያ መቃብሯ ድረስ ወሰደው። ከዚያ ወደ ዴም ሄዱ።

ሱረያ ከፈረሰው አጥር ፊት ቆማ ነበር። ዐይኗ አብጧል። ልጁ አንገቱን ደፍቶ በአማርኛ ጠየቃት። «እቴ፣ በሩን ልግጠመው ወይስ አጥሩን ልድፈነው?»

«ቀስ ብለህ ድገምልኝ። ሁሉንም ቃል» አለችው።

ቀስ ብሎ ደገመላት። እሷም በጣቷ መጀመሪያ ፍርስራሹን፣ ቀጥላ የፊቱን በር እያሳየች በትክክል መስማቷን አረጋገጠች።

«ግጠመው። ሁለቱንም፤ ሕጉ የሚለውን ይበል» አለች። «ኦመር ልጆች አሉት።»

ሓዚም ከዚያ በቀጥታ ኦምዱርማን ሄደ። ጀንበር ጠልቃ ነበር። መስኮቱ ላይ ካለው ሰሐን ጨርቁን ገልጦ አንድ ቴምር በላ፣ ውሃውን ጠጣ፣ ጫማውንም አውልቆ ከእጁ አርቆ አስቀመጠው። ምንዳዬ ታየዋለች።

«እማ፣ የቤቱን ነገር አሁን ንገሪኝ።»

«አሁን? በደንብ ብላ መጀመሪያ።»

«እየበላሁ እሰማለሁ። ያልገባኝን ሁሉ እጠይቅሻለሁ፤ እንዳትቆጪኝ።»

ምንዳዬ ነጠላዋን አስተካክላ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች። «እሺ። እንግዲህ የዚህ ቤት ይዞታ…» ብላ ስትጀምር ሓዚም እጁን አነሣ።

«ቆይ እማ። ‹ይዞታ› ማለት ምን ማለት ነው?»